ከገጽ 1 የዞረ፦ የወረቀትና የስክሪን ገጽ አቀማመጥ ሲነጻጸር

ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ሰው በስልኩ ጋዜጣ ሲያነብ አየሁ። በቴሌግራም የተላከለት የሳምንቱ ጋዜጣ ፒዲኤፍ ነው። ገጹን በሁለት ጣቶቹ ለጥጦ የመጀመሪያውን ዓምድ እስከ ታች ወረደ። ሁለተኛውን ለመጀመር እንደገና እስከ ላይ ወጣ። ወደ ቀኝ ሲገፋ አለፈውና ሦስተኛው ዓምድ ላይ አረፈ፤ ተመለሰ። የመጨረሻው ዓምድ ግርጌ ላይ «ወደ ገጽ 12 ዞሯል» የሚል ጠበቀው። አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ፍለጋ ጣቱን ደጋግሞ ሲያንሸራትት ቆየና፣ መገናኛ ሳንደርስ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሰውየው ማንበብ አልታከተውም። የጋዜጣውም ገጽ መጥፎ አልነበረም። ወረቀቱን ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ርእሱ፣ ፎቶውና አምስቱ ዓምዶች ባንድ ዕይታ የሚያዙ፣ በጥንቃቄ የተቀናበሩ ነበሩ። እኔ ለዓመታት በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሌይአውት ስሠራ ኖሬ አሁን ውሎዬ ድረ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ያ ገጽ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጭምር መገመት እችላለሁ። ያ ሁሉ ልፋት የመዳፍ ስፋት ካለው ስልክ ላይ ሲደርስ አንባቢውን ከማገዝ ይልቅ አደከመው።

ስለ ኅትመትና ስለ ድረ ገጽ ዲዛይን ልዩነት ሲወራ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ወረቀት ውብ ነው፣ ስክሪን ፈጣን ነው የሚል ነው። ይህ ብዙ አያስኬድም። በሁለቱም ቤት ከሠራሁ በኋላ የያዝኩት እምነት አንድ ነው፤ ወረቀት ላይ ሥርዓት የሚሰጠው ቦታ ነው፣ ስክሪን ላይ ሥርዓት የሚሰጠው ቅደም ተከተል ነው። የወረቀት ሌይአውት ሠሪ «ይህ የት ይቀመጥ?» ብሎ ይጠይቃል። የድረ ገጽ ሠሪ ደግሞ «ከዚህ ቀጥሎ ምን ይምጣ? ቦታው ቢጠብ ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። አማርኛችን የተጎዳው የአንዱን መልስ ለሌላው ስለሰጠንበት ነው።

ቦታ የሚናገርበት ገጽ

የጋዜጣ የፊት ገጽ የሚሠራው እጅ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ብቻ አይደለም። አራት ኪሎ ላይ አዟሪው ጋዜጦቹን አስፋልት ዳር ሲዘረጋ፣ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ መንገደኛ ከሁለት ሜትር ገደማ ርቀት ርእሱን ማንበብ አለበት። ጋዜጣው ታጥፎ ስለሚደረደር የሚታየው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የሳምንቱ ትልቁ ወሬ ከእጥፋቱ በላይ ይገባል፤ የርእሱ ፊደል ይገዝፋል፤ ፎቶው ዓይን የሚይዝ ይሆናል። ጋዜጣ ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ደግሞ ጊዜው የተቆጠረ ነው። የውስጥ ገጾች የት ምን እንዳለ ሳይፈልግ እንዲያገኝ ስፖርቱ፣ ጨረታው፣ ክፍት የሥራ ቦታው በየሳምንቱ ያው ቦታ ላይ መገኘት አለበት። አንድ ጊዜ የጨረታ ገጹን ሁለት ገጽ ወደፊት ስናመጣው ስልካችን ቀኑን ሙሉ አላረፈም።

ወረቀት ላይ ስፋት ራሱ ፍርድ ነው። በአራት ዓምድ ላይ የተዘረጋ ርእስ ከአንድ ዓምድ ርእስ ይበልጣል፤ ማንም ሳያስረዳው አንባቢው ያውቀዋል። ጉርብትናም ይናገራል። የአደጋ ዜና አጠገብ የሚስቅ ሰው ማስታወቂያ እንዳይወድቅ ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት የምናየው ነገር ነበር። ድረ ገጽ ላይ ጎረቤቱን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ማሽን ነው። የአንድ ቤተሰብ የሐዘን ዜና ሥር የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ ሲመጣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው የለም። ይህ እኔን አሁንም ያመኛል።

ከሁሉ በላይ ወረቀት ያልቃል። ማተሚያ ቤት መግቢያ ሰዓታችን ደርሶ ጽሑፉ በስድስት መስመር ሲተርፍ አዘጋጁ ከኋላዬ ቆሞ፣ እኔ ማውሱን ይዤ፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚሞት የምንማከርበት ሌሊት ብዙ ነው። ሲያንስ ደግሞ ፎቶ ማስፋት ወይም ክፍተቱን የሚሞላ አጭር ነገር መፈለግ ነበር። ድረ ገጽ ላይ ይህ ግዴታ ጠፋ፤ ታች ሁልጊዜ አለ። ብዙዎች ይህን ነጻነት ይሉታል። እኔ ግን የዛሬ የድረ ገጽ ጽሑፎቻችን ለምን እንደሚንዛዙ ስጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ የጠፋው ስድስት መስመር ነው።

ብራናው የሚያውቀው

ስለ ገጽ አቀማመጥ ስንነጋገር ከአውሮፓ ማተሚያ ቤት መጀመር ልማድ ሆኗል። የእኛ ገጽ ግን ብራና ላይ ያደገ ነው። ቁም ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም በሌለው ሹል ነገር ያሰምራል፤ ኅዳጉን ይለቃል፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ ይከፍላል። በኋላ የስዊዘርላንድ ዲዛይነሮች በሃያኛው ክፍለ ዘመን በመጽሐፍ ያስተማሩት የመስመር ፍርግርግ አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው። ከመጻፍ በፊት ቦታን መለካት።

ሦስት ነገሮችን ከብራናው ልጥቀስ፤ ሁለቱን ኋላ እመለስባቸዋለሁ። አንደኛው ቀይ ቀለም ነው። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ መልክ የለውም፤ ዘመም ብሎ የሚጻፍ የአጽንዖት መልክም በትውፊት አልነበረውም። የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መጀመሪያ፣ ቆም ተብሎ የሚታይ ነገር በቀይ ይጻፋል። ሁለተኛው በቃልና በቃል መካከል የሚገባው ሁለት ነጥብ ነው። ቃል የሚያልቀው ነጥቦቹ ላይ ስለሆነ፣ ዓምዱ ሲያልቅ ጸሐፊው ቃሉን የትም ላይ ሰብሮ ወደሚቀጥለው መስመር ይሄዳል። አንባቢው አይሳሳትም፤ ሁለት ነጥብ እስኪያይ ቃሉ አላለቀም።

ሦስተኛው በጣም የሚገርመኝ ነው። ዐድዋ አጠገብ በሚገኘው አባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች መጀመሪያ ላይ፣ በዐምዶችና በቅስት ቤቶች ውስጥ የተሳሉ የቁጥር ሠንጠረዦች አሉ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የቂሳርያው አውሳብዮስ ያዘጋጃቸው ናቸው። አራቱ ወንጌሎች በቁጥር በተለዩ ክፍሎች ተከፍለው ቁጥሩ ኅዳግ ላይ ይጻፋል፤ ሠንጠረዡ ደግሞ የማቴዎስ ይህ ክፍል በማርቆስና በሉቃስ የትኛው ቁጥር ላይ እንደሚገኝ ያሳያል። አንባቢው ከጽሑፉ ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዥ ወደ ሌላ ወንጌል ይሄዳል። የእነዚህ ብራናዎች ዕድሜ በካርቦን ምርመራ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ተገምቷል። ዛሬ ሊንክ የምንለውን ያህል የረቀቀ ማገናኛ ያን ጊዜ ገጽ ላይ ተሠርቶ፣ ያውም በሥዕል አሸብርቆ ነበር። ወረቀት ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ስክሪን ብቻ የሚያገናኝ አድርጎ ማነጻጸር ስለዚህ አይሆንም።

እርሳስ፣ ታይፕ፣ ኮምፒውተር

የግእዝ ፊደል በማተሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ የሆነው ሮም ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት። አገር ቤት በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይባዛ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የገጹ ጌታ የእርሳስ ፊደል ለቃሚው ነበር። ለቃሚ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሲሠራ ያነሰ ሣጥን ይበቃዋል። የአማርኛው ለቃሚ ፊት ግን 231ዱ ፊደላት ከነዲቃሎቻቸውና ከነነጥቦቻቸው ተደርድረዋል። የአማርኛ ጋዜጣ ገጽ ቀለል ያለ፣ የፊደል ዓይነቱ ጥቂት ሆኖ የኖረው በምርጫ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አዲስ የፊደል መልክና መጠን ሌላ ሁለት መቶ ከምናምን ሣጥን እርሳስ ማለት ነበር።

ታይፕራይተሩ ደግሞ ከሣጥኖቹ ያነሱ ቁልፎች ስለነበሩት ፊደሉን ከግንዱና ከቅጥያው እያገጣጠመ አወጣው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ታይፕ የደከሙት ድካም የሚያስመሰግናቸው ነው፤ በቢሮ የተጻፈ አማርኛ በእሳቸው ዘመን በር ተከፈተለት። ነገር ግን የተገጣጠመው ፊደል ወገቡ ከእግሩ ጋር አይጣጣምም ነበር፤ ያንን መልክ ዓይናችን ለምዶት ኖረ።

በዚሁ ሂደት ሁለት ነጥቡ ቀስ በቀስ ለባዶ ክፍተት ቦታውን ለቀቀ። የገጽ አቀማመጣችን ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል፤ ብዙም ሳይታሰብበት ነው የሆነው። ሁለት ነጥቡ ሲሄድ ቃልን የትም የመስበር ነጻነትም አብሮ ሄደ። አማርኛ ደግሞ ረዣዥም ቃል አለው፤ «እንደማያስተላልፉላቸው» ብሎ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአንድ ቃል ይናገራል። አራት ተኩል ሳንቲ ሜትር በሆነ የጋዜጣ ዓምድ ውስጥ፣ በተለመደው የጋዜጣ ፊደል መጠን የሚገባው ሃያ ፊደል ቢሆን ነው፤ ሦስት ወይም አራት ቃል። ከሁለቱም ጠርዝ እኩል ይሁን ሲባል፣ ረዥሙ ቃል ወደ ታች ይወርድና የቀሩት ሁለት ቃላት በሰፊ ነጭ ሜዳ ተራርቀው ይቀራሉ። በተከታታይ መስመር ሲሆን ነጩ ክፍተት ከላይ እስከ ታች እንደ ጅረት ይወርዳል። ይህን ለመሸሽ እኛ ሌይአውት ሠሪዎች ቃሉን በእጅ እየሰበርን፣ ጭረት እያስገባን ስንሠራ ኖርን።

ያ ጭረት መዘዝ አለው። ጽሑፉ ከጋዜጣው ተገልብጦ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ጭረቱም አብሮ ይሄዳል። መስመሩ ሌላ ቦታ ስለሚሰበር «ስብ-ሰባው»፣ «ተሳ-ታፊዎች» የሚሉ ቃላት መስመር መካከል ላይ ተሰብረው ይታያሉ። አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከወረቀት የመጣ መሆኑን ለማወቅ እነዚህን ጠባሳዎች ማየት ይበቃል።

የሚፈስ ገጽ

ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ድረ ገጽን ለሕዝብ ሲከፍት ስለ አቀማመጥ ብዙ አልተጨነቀም። ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ወደዚያ ይወስዳል፤ ምልክቱ ይህን ያህል ነበር። መልኩን የሚወስነው የአንባቢው ኮምፒውተር ነው። ከወረቀት የመጡ ዲዛይነሮች ይህን መቋቋም አልቻሉም። ለቁጥር ሠንጠረዥ የተሠራውን ምልክት ወስደው ገጹን በማይታዩ ክፍሎች ከፋፈሉት፤ ክፍተት ለመፍጠር ዓይን የማያያቸውን ጥቃቅን ምስሎች ሸጎጡ። ገጹ እንደ ጋዜጣ ቆሞ ቀረ፤ መስኮቱ ሲጠብ ግን አብሮ አይጠብም። መልክን ከይዘት የሚለየው ሲኤስኤስ የመጀመሪያ ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1996 ቢጸድቅም፣ በሠንጠረዥ የመሥራት ልማድ ለመሞት ዓመታት ፈጀ። አውስትራሊያዊው ጆን ኦልሶፕ በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ድረ ገጽ ከወረቀት የወረሰውን የመቆጣጠር ፍላጎት ትቶ መለዋወጥን እንዲቀበል ተከራከረ። ሰሚ ያገኘው ስማርት ስልክ ከመጣ በኋላ ነው። ኢታን ማርኮት በ2010 «ለስክሪኑ ምላሽ የሚሰጥ ዲዛይን» የሚለውን ሐሳብ ስምና ዘዴ ሰጠው፤ በ2017 ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ እውነተኛ የፍርግርግ አቀማመጥ ተቀበሉ። የሚገርመው፣ ያ ፍርግርግ ቁም ጸሐፊው በወስፌ ሲበሳው የኖረው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ዓምዶቹ ሲጠባቸው ተደራርበው አንድ መሆን መቻላቸው ነው።

የአማርኛ መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ እኛ አቀማመጥ ላይ ሳንደርስ ፊደሉ ራሱ ጠፍቶብን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነበሩት የግእዝ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የላቲን ፊደላት በተቀመጡበት የኮድ ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለነበር፣ ያው ፎንት የሌለው ሰው ገጹን ሲከፍት የሚያየው ትርጉም የሌለው የላቲን ዝርግፍ ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖች የሚያዘጋጇቸው ድረ ገጾች ብዙዎቹ ጽሑፉን ፎቶ አድርገው ይለጥፉት ነበር። ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ ዩኒኮድ ሦስተኛ እትሙ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ለ345 የግእዝ ፊደል ምልክቶች የራሳቸውን ቦታ ሰጣቸው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ አቢሲኒካና የኖቶ ቤተሰብ ፎንቶች በነጻ ተዳረሱ። እንዲህም ሆኖ የሌይአውት ክፍሎች ለዓመታት በአሮጌዎቹ ፎንቶች ሲሠሩ ቆዩ። ጽሑፍ ከእኛ ኮምፒውተር ወደ ድረ ገጹ ለማሻገር መለወጫ ፕሮግራም ውስጥ ማሳለፍ ነበረብን፤ በዚህ መካከል አንዳንድ ዲቃላ ፊደል ይጠፋል፤ አራሚዋ ሁለተኛ ዙር ታነባለች።

ፎቶ የተደረገ ጽሑፍ ግን አልጠፋም። ዛሬም መግለጫ፣ የሐዘን መልእክት፣ ማስታወቂያ ሁሉ ባለቀለም ምስል ላይ ተጽፎ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዞራል። ይህ የወረቀት ልማድ መጨረሻ ነው፤ ገጹ ይጸናል፣ ማንም አያፈርሰውም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፣ ፊደሉን ማጉላት ያደበዝዘዋል፣ ለዓይነ ስውር የሚያነብለት መሣሪያ ዝም ይላል፣ ዳታ በብር ለሚገዛ ሰውም ሦስት መስመር ጽሑፍ እንደ ፎቶ ይከብደዋል።

ግሡ የተቆረጠበት ርእስ

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝን ልናገር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይሁንታና እምቢታም እዚያው ግሡ ላይ ነው። እንበልና ርእሱ «የኮንዶሚኒየም ቤት ዕጣ በመጪው ወር እንደማይወጣ ተገለጸ» የሚል ነው። ወረቀት ላይ በሁለት መስመር ይሰፍራል፤ አዘጋጁ የት እንደሚሰበር ይመርጣል፤ ችግር የለም። ስልክ ላይ ግን ኖቲፊኬሽን ሆኖ ሲመጣ ወይም በዝርዝር ውስጥ ሲታይ፣ ማሽኑ ቦታ ሲያልቅበት ቆርጦ ሦስት ነጥብ ያስቀምጣል። አንባቢው የሚያየው «የኮንዶሚኒየም ቤት ዕጣ በመጪው ወር…» የሚል ነው። ከፍቶ ያላየ ሰው ዕጣው ሊወጣ ነው ብሎ ለዘመዱ ይደውላል። ርእሱ አልዋሸም፤ አቀማመጡ ዋሸ።

እንግሊዝኛ ግሡን ፊት ላይ ስለሚያመጣ ከጅራቱ ቢቆረጥ ፍሬ ነገሩ ይተርፋል። የመቁረጡ ዘዴ የተሠራው ለእንደዚያ ዓይነት ቋንቋ ነው፤ እኛ እንዳለ ወሰድነው። መፍትሔው በዲዛይነሩና በአዘጋጁ መካከል ነው። ርእሱ «ዕጣው አይወጣም፦» ብሎ ይጀምር፣ ወይም ዲዛይነሩ የአማርኛ ርእስ እንዳይቆረጥ ያድርግ፣ ሦስተኛ መስመር ይፍቀድለት። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ብሮውዘሮች ርእስን በየመስመሩ አመጣጥነው የሚሰብሩበት መመሪያ አላቸው፤ እሱም የሚያመጣጥነው ስፋቱን እንጂ ትርጉሙን አይደለም። ስለዚህ የአማርኛ ድረ ገጽ ርእስ ከወረቀቱ ርእስ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ይህን የሚሠራ የዝግጅት ክፍል ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ፊደሉ ላይ ስንወርድም ያው ነው። «ቢ» እግሩ ላይ አጭር ጭረት አለው፤ «ቤ» ቀለበት አለው። ጥሩ ወረቀት ላይ በግልጽ ይለያሉ። ርካሽ ስልክ ላይ በትንሽ ፊደል ሲሆን ቀለበቱ ይሞላና ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሊንክ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ይሰመርበታል፤ መስመሩ የሚያልፈው በትክክል እግሮቹ ባሉበት ነው። «ቤት» የሚለውን አንባቢው ከአገባቡ ያውቀዋል፤ የማያውቀውን የሰው ወይም የቀበሌ ስም ግን በምን ይለየው? «ነ»ንና «ኘ»ን፣ «ሰ»ንና «ሸ»ን የሚለየው ራስ ላይ ያለ ጭረትም መስመሮች ሲጠጋጉ ከላይኛው መስመር ጋር ይነካካል። ፊደሎቻችን አብዛኞቹ ሙሉ ቁመት ስላላቸው ጽሑፉ ጠቁሮ ነው የሚታየው፤ ከላቲን የበለጠ የመስመር ክፍተት ይፈልጋል። የሥሩን መስመር ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ የመስመር ክፍተቱን ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ማድረግ፣ ሁለቱም የአንድ ደቂቃ ሥራ ናቸው። ዘመም ማለትን ደግሞ እንተወው። ብሮውዘሩ የአማርኛን ፊደል በግድ ሲያጋድለው አጽንዖት አይሆንም፣ የሚወድቅ አጥር ይመስላል። ለአጽንዖት ብራናው ቀይ ቀለም አስተምሮናል፤ ስክሪን ላይ ደግሞ ቀለም ወጪ የለውም። ጋዜጣ ላይ ሁለተኛ ቀለም ሁለተኛ ፕሌት ማለት ስለነበር ነው የተውነው፤ አሁን የሚከለክለን የለም።

በቀለም ጉዳይ ወረቀትና ስክሪን እውነተኛ ባዕዳን ናቸው። ወረቀት ብርሃን ይመልሳል፣ ስክሪን ብርሃን ያመነጫል። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስለሚጠጣ የፎቶ ነጠብጣብ ይሰፋል፤ የጠይም ሰው ፊት ታትሞ ሲወጣ ዓይንና አፍ እስኪጠፋ ይጠቁራል። ስለዚህ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ከሚያምረው በላይ አንጥተን መላክ ተምረን ነበር። ያንኑ የነጣ ፎቶ ድረ ገጹ ላይ ስንለጥፈው ባለፎቶው የታመመ መሰለ። አንድ ፎቶ ለሁለት ቤት ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አቋራጭ የለውም። በተቃራኒው የድረ ገጽ ዲዛይነሮች የሚወዱት ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ያምራል፤ ፀሐይ ላይ በተከፈተ ስልክ አይነበብም። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያም በጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር ይጠይቃል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ

ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ከፈተናቸው ሰዎች 79 በመቶው ድረ ገጽን በዓይናቸው ቃኝተው እንደሚያልፉ ጻፈ፤ በ2006 ደግሞ ዓይን ከላይ በአግድም፣ ከዚያ ግራውን ይዞ ቁልቁል እንደሚወርድ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «ስክሪን ላይ ማንም አያነብም» የሚለው እንደ ሕግ ተያዘ። የፖይንተር ተቋም በ2007 በአሜሪካ አራት ከተሞች ወደ 600 በሚጠጉ አንባቢዎች ላይ ያደረገው የዓይን ክትትል ግን ሌላ ነገር አገኘ። ሰዎች ለማንበብ ከመረጡት ጽሑፍ ኦንላይን 77 በመቶውን፣ በትልቅ ገጽ ጋዜጣ 62 በመቶውን፣ በትንሽ ገጽ (ታብሎይድ) ጋዜጣ 57 በመቶውን አነበቡ። ሁለቱ አይጋጩም። ስክሪን ላይ ሰው መርጦ እስኪገባ ይቃኛል፤ ከገባ በኋላ ግን ያነባል። ወረቀቱ ላይ ቅኝቱና ንባቡ አንድ ገጽ ላይ ይውላሉ።

ስለ መረዳት ሲሆን ወረቀቱ ያመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የ54 ጥናቶች ማጠቃለያ፣ ከ170 ሺሕ በላይ ተሳታፊዎችን አካቶ፣ አንባቢዎች በወረቀት የተሻለ እንደሚረዱ አሳይቷል፤ ልዩነቱ በተለይ ጊዜ ሲጣበባቸውና ጽሑፉ መረጃ ሰጪ ሲሆን ይጎላል። ለተረክ ጽሑፍ ብቻውን ልዩነት አልታየም። ከዚህ የምወስደው ለሌይአውት ትምህርት ይሆናል። ወረቀት ላይ አንባቢ ነገሩን ከቦታው ጋር ያስታውሳል፤ «ግራ ገጽ ላይ፣ ከፎቶው በታች ነበር» ይላል። የሚፈስ ገጽ ይህን ምልክት ይነጥቀዋል። በምትኩ ንዑስ ርእስ፣ የመሐል ጥቅስ፣ ሥዕል በየርቀቱ ያስፈልገዋል፤ ማስጌጫ ሳይሆኑ የመንገድ ምልክት ናቸው። ማስታወቂያ ዘግይቶ ሲገባ ጽሑፉን ወደ ታች የሚገፋበት ገጽ ደግሞ ያለውንም ምልክት ያጠፋል። ጉግል ከ2020 ጀምሮ ይህን መንሸራተት መለኪያ አድርጎ ቁጥር ሰጥቶታል፤ እንደ አንባቢ ግን የጀመርኩት መስመር ከጣቴ ሥር ሲሸሽ ለማወቅ ቁጥር አያስፈልገኝም።

ያን የታክሲ ሰውዬ ካየሁ በኋላ ለመሞከር ያህል አንድ የቆየ ጽሑፌን ከጋዜጣው ገጽ አውጥቼ ለስልክ እንደገና አቀናበርኩት። አምስቱን ዓምድ አንድ አደረግኩ። የስልኩ ስፋት ወደ ሠላሳ ፊደል ስለሚይዝ ከሁለት ጠርዝ ማስተካከሉን ትቼ ቀኙን ለቀቅኩት፤ ነጩ ጅረት ያኔውኑ ደረቀ። በእጅ የገቡትን ጭረቶች አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ ሠላሳ አራት ነበሩ። የርእሱን ግሥ ወደ ፊት አመጣሁ። የውስጥ ርእሶቹን በቀይ አደረግኩ። «ወደ ገጽ 12 ዞሯል» የሚለውን ሰረዝኩት። ኅዳግ ላይ የነበረው ሣጥን የት ይግባ የሚለው ብቻ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፤ ወረቀት ላይ ከጎን ስለነበር «ቀጥሎ» የሚባል ቦታ አልነበረውም፤ በመጨረሻ የሚያብራራው አንቀጽ ሥር ገባ።

ሥራውን የቀድሞዋ አራሚያችን ዘንድ ወሰድኩት። ጡረታ ወጥተዋል፤ ስልካቸው ጥሩ አይደለም፣ ዓይናቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ጣታቸው አንድም ጊዜ ወደ ጎን አልሄደም። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ጭረት አምልጦሃል፣ ልጄ፤ ‹ማኅ-በር› ላይ። መስመሮቹንም ትንሽ አራርቅልኝ።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ላፕቶፔን ከፈትኩ።